የፎቶ አንሺው መቆሚያ፦ ከመቅደላ አምባ እስከ ሙጋ ገደል

(በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ገለጻ ላይ ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



የታሪክ መምህር ስለ ድንጋይ ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የሥነ ምድር መምህራን በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ስለማይ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የድንጋዩን አፈጣጠር ለእነርሱ ትቼ፣ ድንጋዩን ፎቶግራፍ ስላነሡት ሰዎች፣ ስለ ቆሙበት ስፍራ፣ እኛም ፎቶግራፉን እንዴት አድርገን እንዳነበብነው እናገራለሁ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ሳልመረምር ያስተማርሁት ነገር ስላለ፣ ንግግሬ በከፊል ኑዛዜ ነው።

በመጋረጃው ላይ የምታዩት የመቅደላ አምባ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የዘመቱ የእንግሊዝ ንጉሣዊ መሐንዲሶች ካነሧቸው ፎቶግራፎች አንዱ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። ጦሩ በዙላ ወደብ ወርዶ፣ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንታሎና በአሸንጌ በኩል አልፎ፣ ከደላንታ አፋፍ ወደ በሽሎ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ከአምባው ሥር ደረሰ። በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ። በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። አምባው ተዘረፈ፤ ሚያዝያ 10 ቀን ደግሞ በእሳት ጋየ።

አሁን ምስሉን እዩት። ሰማዩ ነጭ ነው፤ አንዲት ደመና እንኳ አይታይበትም። ገደሉ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ሰው የለም። ይህን ምስል ለተማሪዎቼ ሳሳይ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይሰነዝራሉ፤ «አስፈሪ» ይላሉ። እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ ተሰምቶኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ ፍርሃት ውስጥ ስንቱ የአምባው፣ ስንቱ የፎቶግራፍ አሠራሩ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳው ኮሎዲዮን በሚባል አጣባቂ ፈሳሽ ይቀባል፤ በብር ናይትሬት ይነከራል፤ ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ ገብቶ ብርሃን ይቀበላል፤ አሁንም ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ሥራው ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ብቻ ይዞ ገደል ላይ ሊንጠላጠል አይችልም፤ ድንኳኑ፣ መድኃኒቱ፣ መስተዋቱና ውኃው አብረውት መሆን አለባቸው። ይህ ሁሉ በአጋሰስ ጀርባ የሚጫን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ፎቶ አንሺው የሚቆመው የተጫነ በቅሎ ሊደርስ በሚችልበትና ውኃ በሚገኝበት ስፍራ አካባቢ ነው። የሠራዊቱ መንገድ የካሜራውም መንገድ ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። እርጥቡ ሰሌዳ ሁሉንም ቀለም እኩል አያይም። ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ይነድፈዋል፤ ቀይና ቡናማ ግን እምብዛም አይነካውም። በዚህ የተነሣ የሚያዝያ ሰማይ ከነደመናው ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ፀሐይ የጠበሰው ቀላ ያለ የባዛልት ገደል ደግሞ ይጠቁራል። በዚያ ላይ ሰሌዳው ብርሃኑን እስኪጠግብ ድረስ ሰከንዶች ያልፋሉና የሚንቀሳቀስ ሰው፣ የሚወዛወዝ ቅጠል፣ የሚነዳ ከብት ወይ ይደበዝዛል ወይ ይጠፋል። ባዶ ሰማይ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ሰው አልባ ምድር፤ ግማሹን የሠራው ኬሚስትሪው ነው።

ሌላውን ግማሽ የሠራው ግን ሰው ነው። መሐንዲሶቹ ካሜራ ይዘው የዘመቱት በዋናነት ካርታና ንድፍ እያባዙ ለመኮንኖች ለማደል ነበር፤ መልክዓ ምድርን ማንሣት ከዚህ ቀጥሎ የመጣ ሥራ ነው። ስለዚህ ዓይናቸው የካርታ ሠሪ ዓይን ነበር። የሱሩን ጠባብ መተላለፊያ ያነሣሉ፤ ሰንዓፌን፣ አዲግራትን ያነሣሉ፤ የመቅደላን ኮከት በር ያነሣሉ። ጄኔራሉን ከነመኮንኖቹ፣ ነጻ የወጡትን አውሮፓውያን እስረኞችም አሰልፈው አንሥተዋል። ከእነዚያ እስረኞች አንዱ ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ከመታሰሩ በፊት በአገራችን ካሜራ ይዘው ከዞሩ ቀደምት ሰዎች አንዱ መሆኑ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው።

ከእስላምጌ እስከ ሥላሴ፣ ከሥላሴ እስከ ፋህላ ያለውን ትከሻ ያየ ሰው መቅደላ ብቻውን የቆመ ቋጥኝ አለመሆኑን ይረዳል። ሰው የሚኖርበት፣ መሣሪያ የሚጎተትበት፣ ገበያ የሚቆምበት፣ ቤተ ክርስቲያን ያለበት አገር ነበር። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው ከባድ መድፍ ያንን ዳገት የወጣው በሰው ትከሻና በጠፍር ነው። ከሩቅ በተነሡት ፎቶግራፎች ውስጥ ይህ ሁሉ የለም፤ የተረፈው ድል የተደረገው ድንጋይ ብቻ ነው። ለለንደን ተመልካች ደግሞ ድንጋዩ በገዘፈ ቁጥር ድሉም ይገዝፋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያው ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ዘምቶ ነበር፤ መጽሐፉን በ1870 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በየደረሰበት ላየው ድንጋይ የስፍራውን ስም ሰጠው፦ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌና የመቅደላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ዛሬ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ፣ ከላይ ባዛልቱን አልፋችሁ የምታገኙትን ነጭ ገደል ባልደረቦቼ «አንታሎ» ይሉታል፤ ከዚያ በታች የጎሐ ጽዮን ጂፕሰም አለ፤ ወንዙ አጠገብ ያለውን ቀይ ድንጋይ «አዲግራት» ይሉታል። የጎጃም ገደል የሚጠራው የናፒየር ጦር ባለፈበት መንገድ ስም ነው። ቅር አይለኝም፤ አዲግራትም አንታሎም የእኛው ናቸው። ግን ብላንፎርድ በዓባይ በኩል ተጉዞ ቢሆን ኖሮ የትግራይ ተማሪ ዛሬ ስለ «ደጀን የኖራ ድንጋይ» ይፈተን ነበር እያልሁ አንዳንዴ እስቃለሁ።

ወደ ኑዛዜዬ ልመለስ።

የተወለድሁት ቁይ ነው፤ ደባይ ጥላትግን። አባቴ ገበሬ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት ላይ ቤት ስመለስ፣ እንደማንኛውም አዲስ ተማሪ ያወቅሁትን ለመናገር ቸኩዬ ነበር። ከተማርኋቸው ነገሮች አንዱ ሁላችሁም የምታውቁት ቁጥር ነው፦ ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀርቷል። እሳት ዳር ተቀምጠን ይህን ለአባቴ ነገርኋቸውና «ደኑን የጨረሳችሁት እናንተ ገበሬዎች ናችሁ» አልሁ። በዚያን ጊዜ በየስብሰባው የግብርና ሠራተኞችም ይህንኑ ይሏቸው ነበርና አዲስ አልሆነባቸውም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኔ የቆረጥሁትን ጫካ አሳየኝ» አሉኝ። ቀጥለውም «አባቴ ከብት ያገዱት እዚሁ ሣር ላይ ነው፤ አያቴም እዚሁ። ዛፍ የነበረው ደብሩ ግቢ ውስጥ ነው፤ አሁንም አለ» አሉ። የገበሬ ግትርነት መሰለኝ። እኔ መጽሐፍ ነበረኝ፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸው ብቻ ነበራቸው።

አስተማሪ ከሆንሁም በኋላ ያንን ቁጥር ለዓመታት ሳልመረምር አስተምሬዋለሁ። ዛሬ እዚህ ካላችሁት መካከል በፈተና ወረቀታችሁ ላይ ጽፋችሁልኝ ነጥብ የሰጠኋችሁ ትኖራላችሁ።

የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ቁጥር የዘር ሐረግ ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደ። ያገኘው ነገር ለታሪክ ሰው የሚያሳፍር ነው፦ አንዱ ጸሐፊ ሌላውን እየጠቀሰ ቁጥሩ ይዞራል እንጂ፣ ከመነሻው ላይ የተለካ ደን አልተገኘም። ማካን የመንገደኞችን ማስታወሻ እያመሳከረ፣ ብዙው የሰሜኑ ደጋ ከረጅም ዘመን ጀምሮ እርሻና ግጦሽ እንደነበረ አሳየ። እኔ ጽሑፉን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው፤ ባነበብሁትም ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተቀበልሁትም። መንገደኛ የሚጽፈው የታየውን ያህል የተሰማውንም ነው ብዬ ተከራከርሁ።

ዝም ያሰኘኝ ፎቶግራፍ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ያን ኒሰን፣ ምትኩ ኃይሌና ሪቻርድ ፓንክረስት የሚገኙበት የተመራማሪዎች ቡድን አንድ ጥናት አወጣ። ሥራቸው ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን አድካሚ ነው፦ የናፒየር መሐንዲሶች በ1868 እ.ኤ.አ. ያነሧቸውን መልክዓ ምድሮች ይዘው ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ሄዱ፤ ያ ፎቶ አንሺ ካሜራውን የተከለበትን ስፍራ ፈለጉ፤ ከዚያው ስፍራ እንደገና አነሡ። ከ140 ዓመት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፣ በ1860 ዓ.ም. ምድሩ ቀድሞውኑ የተራቆተ ነበር፤ ባነሧቸው ስፍራዎች ዛሬ ያለው የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋን ከያኔው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

የድንጋዩ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ የአንድን ሰው መቆሚያ እንዴት ማግኘት ይቻላል? ዛፉ የለም፤ ጎጆው ፈርሷል፤ መንገዱ ዞሯል። ድንጋዩ ግን ከቦታው አልተነሣም። በፎቶግራፉ ውስጥ አንድ ቅርብ ቋጥኝና አንድ ሩቅ ተራራ ትመርጣላችሁ። ወደ ግራ ስትራመዱ ቅርቡ ቋጥኝ ከሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ወደ ቀኝ ስትራመዱ ወደ ግራ። ስትወጡ ቅርቡ ዝቅ ይላል፤ ስትወርዱ ሩቁን ይሸፍነዋል። ሁለቱ በፎቶግራፉ ላይ እንዳሉት ልክ ሲገጥሙ፣ እግራችሁ የፎቶ አንሺው እግር የነበረበት ላይ ነው። እነዚያ መኮንኖች ለግርማው ብለው፣ ለድላቸው ብለው ያነሡት አምባና ገደል፣ ሳያስቡት የችካል ሥራ ሠራ። ሜዳ ብቻ አንሥተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም ስፍራውን ባላገኘው ነበር።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ጦሩ በአገራችን የቆየው በበጋና በበልግ ወራት ነው። በሚያዝያ የታየ ባዶ ማሳ አዝመራው የተሰበሰበ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ድጋሚ ፎቶግራፍ በዚያው ወቅት መነሣት አለበት። ካሜራው የሄደው በአንድ መንገድ ነው፤ ጦር የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ማገዶው የተለቀመ፣ ሣሩ የተጋጠ ነው። ከሁሉም በላይ ናፒየር ጎጃም አልገባም። የመቅደላ ፎቶግራፍ ስለ ቁይ ሊመሰክር አይችልም። ጥናቱን አንብቤ እንደጨረስሁ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ አባቴን ነጻ ያወጣልኝ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ይህ ራሱ ያለ ምርመራ መቸኮል መሆኑን አስተዋልሁ። የቁይን ነገር ለመናገር የቁይ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል።

እርሱን ከየት ማግኘት ይቻላል? በጎጃም በኩል የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ስንፈልግ ቀድሞ የሚመጣው ሻለቃ ቺዝማን ነው። ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠርቷል፤ በራስ ኃይሉ ዘመን የዓባይን ገደል አፋፍ አፋፉን በበቅሎ እየተከተለ፣ በየመሻገሪያው እየወረደ፣ የወንዙን አካሄድ በካርታ ላይ አሰፈረ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ከነፎቶግራፎቹ ታተመ። ለዚህ ሰው አክብሮት አለኝ፤ ወፍ አጥኚም ስለነበረ ዓይኑ ትዕግሥተኛ ነው። ይሁን እንጂ እርሱን የሚስበው ወንዙ ነው። ከገደሉ አፋፍ ጀርባ ያለው የቁይ ሜዳ ለካሜራው ማራኪ አይደለም።

የራሳችን ፎቶ አንሺዎችስ? የአገራችን የስቱዲዮ ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ በአርመኖቹ በቦያጂያን ቤተሰብ እጅ ከፍ ካለበት ጊዜ ጀምሮ፣ ወደ ክፍለ ሀገርም ሲወርድ፣ ሥራው የሰውን መልክ ማንሣት ነበር። ደብረ ማርቆስ ፎቶ የተነሣ ሰው ከበስተኋላው የሚታየው በጨርቅ ላይ የተሳለ ሐይቅ፣ አበባ ወይም ፎቅ ነው። እንዲህ ሆኖ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፦ የውጭው ሰው ምድራችንን ያለ ሰው አነሣ፤ የአገሩ ፎቶ አንሺ ደግሞ ሰዉን ያለ ምድሩ አነሣ። የቤተሰቦቻችሁን አልበም ፈትሹ። አያቶቻችሁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱት የኖሩት መሬት በስንቱ ውስጥ ይታያል?

በእኛ ቤት ግን አንድ ፎቶግራፍ አለ። እነሆ፤ የሚቀጥለው ምስል ነው። ከጀርባው በእስክሪብቶ «መጋቢት 1965» ተብሎ ተጽፏል። ሠርግ ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጣው ፎቶ አንሺ የተሳለበትን መጋረጃ በአህያ ጭኖ ሲመጣ ወንዝ ውስጥ ወድቆ በጭቃ ተበላሸበት፤ እናቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር። መጋረጃ ስላልነበረው ሰዎቹን ውጭ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ አሰለፋቸው። ከኋላቸው የሙጋ ሸለቆ አለ፤ ከማዶ ያ በደረጃ የተቆረጠ የሚመስለው ጥቁር ገደል፣ አናቱ ላይም እንደ ተነቀለ ጥርስ ያለ ክፍተት ያለበት። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። በእናቴ ነጠላ ተሸፍኖ ግማሽ ፊቱ ብቻ የሚታየው ሕፃን እኔ ነኝ። አባቴ ከቀኝ ሁለተኛው፣ ጋቢያቸውን ደርበው የቆሙት ናቸው። የዚያ ዕለት ጭቃ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናየው የጨርቅ አበባ ነበር።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም.፣ አባቴ ካረፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ፎቶግራፉን አስፍቼ፣ በላስቲክ አስለብጬ ወደ ቁይ ሄድሁ። ልጄ ስልኩን ይዞ ተከተለኝ። የገደሉን ጥርስ ከበስተኋላው ካለው ከሩቁ የጮቄ ትከሻ ጋር ለማግጠም ሦስት ሰዓት ፈጀብን። እኔ ቦታውን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ከምርጫዬ ግን ወደ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ታች ሆኖ ተገኘ። ስንደርስበት ባህር ዛፍ ውስጥ ነን። በ1965 ዓ.ም. አንዲት ችግኝ የማትታይበት ግልጥ ዳገት፣ ዛሬ ገደሉን ለማየት ግንድ ለግንድ መሹለክለክ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ጎልማሳ ነገሩን ካስረዳነው በኋላ ሁለት ቅርንጫፍ ቆረጠልንና አነሣን።

ሁለቱ ጎን ለጎን ይኸው። ከገደሉ ሥር ያለው ዳገት በድሮው ፎቶግራፍ ራቁቱን ነው፤ ዛሬ የባህር ዛፍ ጭረቶች፣ በመካከላቸውም የድንጋይ እርከኖች አሉ። በስተቀኝ ያለው የደብሩ ጥድና ወይራ በሁለቱም ላይ አለ፤ ጠርዙ ጥቂት ቢሸረፍም ያው ነው። የአባቴ ቃል ትክክል ነበር። እርሳቸው የቆረጡት ጫካ በ1965 ዓ.ም. አልነበረም። ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ጊዜ ይህ ፎቶግራፍ አይናገርም፤ ባህር ዛፉም ደን ነው አልልም፤ ምንጮች ስለ መድረቃቸው ያገሬው ሰው የሚያነሣው ቅሬታ ሌላ ገለጻ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብቆም ለእኔ ይመቸኝ ነበር። አሁን ግን ወደ ግራው ጥግ ተመልከቱ። በድሮው ላይ የጥላ ክር የምትመስል ቀጭን መስመር አለች። በአዲሱ ላይ ያቺ መስመር ሰው ቆሞ የማይታይበት ቦረቦር ሆናለች። ልጄ «ከየት ይጀምራል?» ብሎ ጠየቀኝና ተከትለነው ወጣን። የሚጀምረው ከአንድ ማሳ ጠርዝ፣ የጎርፍ መውረጃ ፈስ ወደ ታች ከተለቀቀበት ላይ ነው። ያ ማሳ የአባቴ ነው። ፈሱን ያወጡትም እርሳቸው ናቸው፤ በልጅነቴ እርፉን ይዘው ሲያወጡት ከኋላ ሆኜ ጓል እየመታሁ አስታውሳለሁ። ከደኑ ክስ ነጻ ሊያወጣቸው የሄድሁበት ፎቶግራፍ ሌላ ነገር ይዞ ጠበቀኝ። ከታች ያለው ማሳ ባለቤት ልጆች ከመሬታቸው ሲሶ ያህሉን በቦረቦሩ አጥተዋል፤ ሲነግሩኝ በአክብሮት ነው፤ ግን ነገሩኝ። ይህን ለዛሬው ገለጻ ልተወው አስቤ ነበር። ለዓመታት አንዱን ቁጥር ሳልመረምር ያስተማርሁ ሰው፣ አሁን ደግሞ ያየሁትን ልደብቅ አልቻልሁም።

ከመውረዳችን በፊት ከደብሩ አጠገብ ወደሚኖሩ አንዲት አረጋዊት መነኩሴ ዘንድ ፎቶግራፉን ወሰድሁት። «እማሆይ፣ ይህንን ገደል ያውቁታል?» አልኋቸው። ገደሉን አላዩትም። ጣታቸውን ሰዎቹ ላይ አድርገው አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ ይህ የእከሌ አጎት፣ ይህች ከዚያ ማዶ የመጣች ሙሽራ፣ ይህ በኋላ ዘምቶ ያልተመለሰ። እኔ ከድንጋዩ ጀምሬ ወደ ሰዎቹ አልደረስሁም ነበር፤ እርሳቸው ከሰዎቹ ጀመሩ። ስለ ገደሉ ደጋግሜ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እሱማ እዚያው አለ፤ ምን ይጠየቃል?» አሉኝ።

እማሆይ ስምንቱን ለይተዋል። ከግራ ሦስተኛውን፣ ኮፍያ ያደረገውንና ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ገደሉ ዞሮ የቆመውን ሰው ግን ሊያውቁት አልቻሉም። የፎቶ አንሺው ረዳት ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ፊቱ ስለማይታይ እኔም መገመት አልችልም። ከአዳራሹ መውጫ አጠገብ በጠረጴዛው ላይ ሁለቱም ፎቶግራፎች በትልቁ ታትመው ተቀምጠዋል። ከመካከላችሁ የቁይ፣ የደባይ ጥላትግን ወይም ከሙጋ ማዶ ያላችሁ ሰዎች ስትወጡ ጥቂት ቆም ብላችሁ እንድታዩልኝ እለምናለሁ። እርሳስና ወረቀትም አስቀምጫለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ።